ክንፍ የሚበላ ቀለም፦ የፎም ሞዴል አውሮፕላን ቀለም አመራረጥ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው

ሞዴል አውሮፕላን መሥራት የሳይንስ ክበብ አባላትን አጥብቀው ከሚስቡ የተግባር ሥራዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ተማሪዎች የክንፉን ቅርጽ ለመወሰን ስሌት ይሠራሉ፤ የሞተሩን ጉልበት ከባትሪው ጋር ያመዛዝናሉ፤ የስበት ማዕከሉ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ይከራከራሉ። ቀለም ላይ ሲደርሱ ግን ክርክሩም ስሌቱም ያበቃል። ቀለም ጌጥ ነው፣ ጌጥ ደግሞ የምርጫ ጉዳይ ነው በሚል ግምት ከቅርብ ሱቅ የተገኘው ቆርቆሮ ተገዝቶ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ነው። ከፎም በተሠራ አውሮፕላን ላይ ከሁሉ ይበልጥ ኬሚስትሪ የሚጠይቀው ክፍል የቀለም ምርጫ ነው። ስለሆነም በክበብ ውስጥ ይህ ሥራ ሥዕል ለሚችለው አባል ብቻ የሚተው ሳይሆን ምክንያቱን ቆሞ ማስረዳት ለሚችለውም የሚሰጥ መሆን ይገባዋል።

በብዛት የሚያጋጥመው ነገር እንዲህ ያለ ነው። ለወራት የተለፋበት ክንፍ፣ ለኤግዚቢሽን አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመኪና ስፕሬይ ቀለም ይረጫል። ቀለሙ ገና ከማረፉ የፎሙ ገጽ እንደ ማር እንጀራ ይቦረቦራል፤ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ክንፉን ለማጠንከር የገባው እንጨት ይገለጣል። ተማሪዎቹም ‹‹ቀለሙ በላው›› ይላሉ። ከዚህ የሚተርፈው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ‹‹ያንን ቀለም ዳግመኛ አትግዙ›› የሚል ብቻ ነው። የቆርቆሮው ስም ይታወሳል፤ ምክንያቱ ግን አይታወቅም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ስም ያለው ቆርቆሮ ይገዛል፤ እርሱም ይበላል።

ቀለጠ ወይስ ሟሟ?

ስለዚሁ ጉዳይ ሲወራ ‹‹ፎሙ ቀለጠ›› የሚል አባባል ዘወትር ይሰማል። አማርኛችን ሁለት የተለያዩ ቃላት እያሉት አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ተገቢ አይመስለንም። በረዶ ይቀልጣል፤ ስኳር ግን ይሟሟል። መቅለጥ ሙቀትን ይጠይቃል፤ መሟሟት ደግሞ አሟሚ ፈሳሽን። በቀለም የተበላው ክንፍ አልሞቀም፤ እንዲያውም ከስፕሬይ ቆርቆሮ የሚወጣው ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። ክንፉ የሟሟ ነው።

ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽገው የሚመጡበት ነጭ ፎም የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፖሊመር ነው። የበርሊኑ መድኃኒት ቀማሚ ኤድዋርድ ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1839 ስቶራክስ ከተባለ የዛፍ ሙጫ ዘይት መሰል ነገር አጣርቶ አወጣ፤ ይህም ዘይት ውሎ ሲያድር እየወፈረ ሲሄድ ተመለከተ። ያየው ነገር ምን እንደሆነ በውል የታወቀው ግን ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ቁሶች እጅግ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች መሆናቸውን ከተከራከረ በኋላ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱም የመጣለት እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ዘግይቶ ነው።

ፎሙ የሚሠራው እነዚህን ሰንሰለቶች የያዙ ጥቃቅን እንክብሎች በእንፋሎት እንዲያብጡ ተደርጎ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ነገር አብዛኛው አየር ነው። ጠጣር ፖሊስታይሪን በኪዩቢክ ሜትር 1,050 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለሞዴል ክንፍ የምንጠቀምበት ፎም ግን 20 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። አንዱን ለሌላው ብናካፍል ከፎሙ ይዘት 98 በመቶው አየር መሆኑን እናገኛለን። ጥፋቱ ፈጣን የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሟሚው ፈሳሽ የሚዋጋው ከወፍራም ግድግዳ ጋር ሳይሆን ከቀጫጭን የአረፋ ሽፋኖች ጋር ነው፤ ሽፋኖቹ ሲለሰልሱ በውስጣቸው የታሰረው አየር ይወጣል፤ ቅርጹም ይወድቃል። አንድ ትልቅ የፎም ሳጥን ተሰባብሮ በአንድ ብርጭቆ አሴቶን ውስጥ ሲገባ አንድ ጭብጥ ለስላሳ ሊጥ ብቻ ሆኖ የሚቀረውም ለዚህ ነው። የጠፋ ነገር የለም፤ የወጣው አየር ነው።

ታዲያ ሁሉም ፈሳሽ ይህን የማያደርገው ለምንድን ነው? ኬሚስቶች ‹‹ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል›› ይላሉ። አባባሉ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማስላት ግን አይበቃም። አሜሪካዊው ኬሚስት ጆኤል ሂልደብራንድ ይህን ‹‹ተመሳሳይነት›› በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አበጅቷል። መለኪያው የአንድ ቁስ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ምን ያህል አጥብቀው እንደተያያዙ ያሳያል። በሜጋፓስካል ስኩዌር ሩት ሲገለጽ የፖሊስታይሪን 18.5 ገደማ ነው። አሁን የአሟሚዎቹን እንመልከት፦ ዛይሊን 18፣ ቶሉይን 18.2፣ አሴቶን 20፣ ኢታኖል 26፣ ውሃ 48 ገደማ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቲነር በሚባለው ፈሳሽና በመኪና ቀለም ውስጥ በብዛት የሚገኙ ናቸው፤ ሦስቱም ከፖሊስታይሪን ጎን ቆመዋል። ኢታኖል ራቅ ይላል፤ ውሃማ ከናካቴው ሌላ አገር ነው። መለኪያው ግምታዊ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም፤ ቻርልስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ነጠላውን ቁጥር ወደ ሦስት የከፋፈለው አንዱ ቁጥር ሁሉን ስለማያስረዳ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ የቁጥር ሰልፍ በቂ መመሪያ ነው።

ነገሩን ያለ ምንም ወጪ ለማየት የሚፈልግ አንባቢ የብርቱካን ልጣጭ ወስዶ በቁራጭ ፎም ላይ አጥፎ ይጭመቀው። ከልጣጩ የሚረጨው ዘይት አብዛኛው ሊሞኒን ነው፤ ሊሞኒን ደግሞ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። ፎሙ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። ጃፓናዊው ሶኒ ኩባንያ ያገለገለ ፎምን መልሶ ለመጠቀም ይህንኑ የብርቱካን ዘይት ሥራ ላይ አውሎት ነበር። ‹‹ከተፈጥሮ የተገኘ›› የሚል ቃል ለፎም ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

የቆርቆሮው ቋንቋ

ቀለም በመሠረቱ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው መልክ የሚሰጠው ዱቄት ነው፤ ሁለተኛው ዱቄቱን ከገጹ ጋር የሚያጣብቀው ፖሊመር ነው፤ ሦስተኛው ሁለቱን ተሸክሞ አምጥቶ ከዚያ በትነት የሚሰናበተው ፈሳሽ ነው። ክንፉን የሚበላው ሦስተኛው፣ ማለትም በመጨረሻ የማይገኘው ነው። ነጥቡን እናሰምርበት ዘንድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቆርቆሮው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዘወትር የሁለተኛው ስም ነው።

‹‹አክሪሊክ›› የሚለውን ቃል ለምሳሌ እንውሰድ። ‹‹ለፎም አክሪሊክ ቀለም ተጠቀሙ›› የሚል ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ተማሪው ሱቅ ሄዶ ‹‹አክሪሊክ›› የሚል ስፕሬይ ያገኛል፤ ምክሩን የተከተለ መስሎት ይገዛዋል። በውስጡ ያለው ፖሊመር በእርግጥም አክሪሊክ ነው፤ ነገር ግን በአሴቶንና በቶሉይን ወይም በመሳሰሉት ውስጥ የሟሟ አክሪሊክ ነው። ለፎም የሚስማማው አክሪሊክ ግን በውሃ ውስጥ የተበተነው ነው። በዚህኛው ፖሊመሩ አልሟሟም፤ ከማይክሮሜትር ባነሱ እንክብሎች መልክ ተንሳፏል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንክብሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጫጫናሉ፣ በመጨረሻም ተዋሕደው አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ከደረቀ በኋላ ውሃ መልሶ የማያለቅቀውም ለዚህ ነው። ሁለቱ ቆርቆሮዎች አንድ ስም ይዘው ለክንፉ ግን አንዱ ወዳጅ፣ ሌላው ጠላት ነው።

እንግዲህ በሱቅ ውስጥ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ‹‹አክሪሊክ ነው ወይ?›› የሚል አይደለም። ‹‹በምን ይቀጥናል? ብሩሹስ በምን ይታጠባል?›› የሚል ነው። ሻጩ ስለ ፖሊመር ላያውቅ ይችላል፤ የዚህን መልስ ግን አሳምሮ ያውቃል። ‹‹በውሃ›› ካለ ወደ ሙከራ ማለፍ ይቻላል። ለግድግዳ የሚሸጠው ፕላስቲክ ቀለም የዚህ ወገን ነው፤ የሠዓሊዎች አክሪሊክም እንዲሁ። ‹‹በቲነር›› ካለ ነገሩ አለቀ። ‹‹በአኳራጅ›› ካለ፣ ማለትም ዘይት ቀለም ከሆነ፣ አደጋው ዘገምተኛ ስለሆነ የበለጠ አታላይ ነው። በተቀባበት ሰዓት ምንም ላይታይ ይችላል፤ ፈሳሹ ግን ቀስ ብሎ ስለሚተን ረዘም ላለ ጊዜ ከፎሙ ጋር ይቆያል። በማግሥቱ ገጹ ለስልሶና ተሰርጉዶ ሊገኝ ይችላል።

‹‹ስፕሬዩን ከሩቅ በስሱ ብትረጨው አይበላም›› የሚሉ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አሉ። ሙሉ በሙሉ የተሳሳቱ አይደሉም። ጠብታዎቹ ረጅም አየር ካቋረጡ ከአሟሚው ብዙው በመንገድ ላይ ይተናል፤ ክንፉ ላይ የሚደርሰው ደረቅ ሊባል የተቃረበ ቀለም ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በእጅ ርጋታ፣ በአየሩ ሙቀትና በነፋሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ጊዜ እጅ ቢዘገይ ክንፉ ሄደ። ለግል መዝናኛ የሚሠራ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ለጀማሪ ተማሪ ማስተማር ግን ትክክል አይመስለንም፤ የሚያስተምረው ምክንያትን ሳይሆን ዕድልን መሞከርን ነውና።

ከዚህ ይልቅ ክብር የሚሰጠው ተቃውሞ ‹‹መጀመሪያ መከላከያ ሽፋን ቀብቶ ከዚያ የፈለጉትን መቀባት ይቻላል›› የሚለው ነው። በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ወይም በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ከደረቀ በኋላ ለአሟሚ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ፎሙ ከእንክብሎች የተሰፋ በመሆኑ በእንክብልና በእንክብል መካከል ስንጥቆች መኖራቸው ነው። በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ የገባ ቶሉይን ከሽፋኑ ሥር ዋሻ ይቆፍራል፤ ገጹ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ለኤግዚቢሽን ብቻ ለሚቆም ሞዴል ዘዴውን አንቃወምም። ለሚበር አውሮፕላን ግን የሽፋን ላይ ሽፋን ሌላ ዕዳ ያመጣል፤ ወደዚያ እንመለስበታለን።

ሁሉም ፎም ፖሊስታይሪን አለመሆኑንም መጥቀስ ይገባል። በአውሮፓ ለቤት ሙቀት መከላከያ ተብሎ የተሠራውና ሞዴል ሠሪዎች የወደዱት ዴፕሮን የተባለው ስስ ሰሌዳ ፖሊስታይሪን ስለሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል። ተጣጥፎ የሚመለሰው የፖሊፕሮፒሊን ፎም ግን በቤት ሙቀት በተለመዱት አሟሚዎች አይሟሟም። የእርሱ ችግር ተቃራኒው ነው፤ አብዛኛው ቀለም አይዘውም፣ ቢይዘውም ክንፉ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በፋብሪካ ተሠርተው በሚሸጡ ሞዴሎች ላይ የተለመደው የፖሊኤቲሊንና የፖሊስታይሪን ቅልቅል ደግሞ በመካከል ይቆማል። በጥፍር ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳና እንክብሉ የማይፈረካከስ ከሆነ ከኋለኞቹ አንዱ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

የቀለም ክብደት

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ የስፋቱ 12 በመቶ የሆነ ክንፍ እናስብ። ይህ ክንፍ 20 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ከሚመዝነው ፎም ቢቆረጥ 65 ግራም ገደማ ይመዝናል። የላይና የታች ገጹ በድምሩ 0.4 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ዙር ቀለም ከደረቀ በኋላ 30 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢኖረው 12 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ደረቅ ቀለም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.3 ግራም ቢመዝን 16 ግራም ያህል ማለት ነው። ሁለት ዙር ብንቀባ 31 ግራም! የክንፉን የራሱን ፎም ግማሽ የሚጠጋ ክብደት ከአንድ የፀጉር ዘንግ ቀጭን ከሆነ ሽፋን አገኘን ማለት ነው። ፎሙ በቀለለ መጠን ቀለሙ ይከብዳል፤ በእንጨት ክንፍ ላይ የማይታወቅ ጭማሪ በፎም ላይ ይጎላል።

አውሮፕላኑ በጠቅላላ 400 ግራም ቢሆን 31 ግራሙ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። የማንሻ ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደምትገኝ እናስታውስ። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ገደማ ነው፤ በመሆኑም ያው አውሮፕላን ምንም ቀለም ሳይቀባ እንኳ 12 በመቶ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ለመብረርና ለማረፍ ይገደዳል። የቀለሙ ጭማሪ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ ‹‹ሁለት ዙር ቀቡ›› ቢል የጸሐፊው አየር ይፈቅድለታል።

ቦታውም ቁም ነገር ነው። ከስበት ማዕከሉ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ባለ ጭራ ላይ 10 ግራም ቀለም ከተቀባ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ባለው አፍንጫ ላይ 25 ግራም ማመጣጠኛ መጨመር ያስፈልጋል። ጭራውን ማስጌጥ 35 ግራም አስወጣ ማለት ነው። እኛ ብንጠየቅ ጭራውን ነጭ አድርገን እንተወዋለን፤ አቅጣጫውን ከመሬት ለመለየት አንድ ደማቅ ባለ ቀለም ስኮች ይበቃል። በነገራችን ላይ ስኮች ከብዙ ቀለም ይልቅ ይመረጣል፤ አሟሚ አያስተነፍስም፣ የክንፉንም ጥንካሬ ይጨምራል።

ከቀለም ጭርሱን መሸሽ ግን አይቻልም። ፖሊስታይሪን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይገረጣል፣ ይቦጫጨቃል። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን ጨረር ይከላከላል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ግን የፀሐዩን ሙቀት ይሰበስባሉ፤ ፎሙ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ቅርጹን ስለሚያጣ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ በቀትር የተተወ ጥቁር ክንፍ ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ‹‹ፎሙ በሙቀት ለሰለሰ›› ማለት የሚቻለው።

ፎሙን ሳይጎዳ ሰውን የሚጎዳ

እስካሁን ‹‹አደገኛ›› ያልነው ለክንፉ ነው። ክንፍ ይተካል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቀለሙ በሚቀባበት ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ነው። ስፕሬይ ለመርጨት መስኮት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ‹‹ነፋስ ቀለሙን ይበትነዋል›› ይባላል። ይህ ፈጽሞ መቆም ያለበት ልማድ ነው። የቶሉይን ተን ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፤ በተደጋጋሚ የተሳበ እንደሆነ የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ተኑ ከአየር የከበደ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የቶሉይን ሞለኪውላዊ ክብደት 92፣ የአየር አማካይ ደግሞ 29 መሆኑን ማነጻጸር ይበቃል። ስለዚህ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ፣ ቶሉይን ደግሞ በ4 ዲግሪ ገደማ ሳለ እንኳ በእሳት ብልጭታ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ ሌላው ተማሪ ብየዳ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፖሊስታይሪኑም ራሱ ይነዳል፤ ጥቁርና መርዛማ ጭስ ያወጣል።

አንዳንዶች ፎምን በቤንዚን አሟሙተው ኮላ ይሠራሉ፤ ብልኀት ተደርጎም ይወራል። ቤንዚን ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠውን ቤንዚንን፣ ማለትም ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱን ኬሚካል፣ በውስጡ ይይዛል፤ የስሞቹ መመሳሰል ሊያዘናጋን አይገባም። ለመኪና የሚሆኑ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚረጩ ቀለሞች ደግሞ አይሶስያኔት የተባሉ ውሁዶችን ይይዛሉ፤ እነዚህ አስም ያስከትላሉ። የባለሙያ መተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ክበብ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ አቧራን እንጂ ተንን አያስቀርም።

ከዚያ በኋላ እርሳስ አለ። በአማርኛ ‹‹እርሳስ›› መጻፊያውንም ብረቱንም ይጠራል፤ መጻፊያው ግራፋይት ስለሆነ የሚያሰጋን ብረቱ ነው። ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች ከሊድ ክሮሜት ሊሠሩ ይችላሉ፤ በዘይት ቀለም ውስጥም የእርሳስ ውሁዶች ማድረቂያ ሆነው ይገባሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ለእርሳስ ‹‹ጉዳት የማያደርስ›› የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቀለም ውስጥ በ90 ሚሊ ግራም ወስኖታል። ደንብ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከደንቡ በፊት የተገዛና በክበቡ መጋዘን ጥግ ተቀምጦ የቆየ ቢጫ ቆርቆሮ ደንቡን አላነበበም። እንዲህ ያለውን ቀለም ለአውሮፕላንም ለምንም አንጠቀምበት፤ በላዩ ላይ የተቀባውንም በብርጭቆ ወረቀት አንፈግፍግ።

በውሃ የሚቀጥነውም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። እንዳይበላሽ የተጨመሩበት ፀረ ተሕዋስያን የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካሉ፤ ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት እዚህም ያስፈልጋል። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ መጠኑ ግን ሰፊ ነው።

ፍርፋሪው ይፍረድ

በእኛ አስተያየት የሳይንስ ክበብ ኃላፊዎች አንድ ቀላል ሕግ ሊያወጡ ይገባል፤ በፍርፋሪ ላይ ያልተፈተነ ቀለም ክንፍ አይነካም። ክንፍ ሲቆረጥ የሚተርፍ ቁርጥራጭ መቼም አይጠፋም። ከዚያው ፎም ሦስት እኩል ቁራጮች ይወሰዱና በሚዛን ይመዘኑ። አንደኛው በቀለሙ ወፈር ተደርጎ ይቀባ፤ ሁለተኛው በታሰበው ልክ በስሱ፤ ሦስተኛው በውሃ ብቻ። የሦስተኛው ጥቅም የማነጻጸሪያ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም እርሱን ነው። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይቆዩ። ገጹ በጣት ይዳሰስ፤ በምላጭ ተከፍሎ ውስጡ ይታይ፤ ስኮች ተለጥፎ ተነቅሎ ቀለሙ አብሮ ይነሳ እንደሆነ ይታይ። በመጨረሻ እንደገና ይመዘኑ፤ ከላይ የሠራነው ስሌት ትክክል መሆኑን አለመሆኑን ያኔ ተማሪው ራሱ ያውቀዋል። ይህ ሙከራ ከአንድ ቀንና ከጥቂት ግራም ቀለም በላይ አይፈጅም።

ቀለም አምራቾችና አስመጪዎችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል እንላለን። በቆርቆሮው ላይ የፖሊመሩን ስም በትልቁ መጻፍ ለገበያ ይጠቅም ይሆናል፤ ተሸካሚው ፈሳሽ ምን እንደሆነ በአማርኛ በግልጽ መጻፍ ግን ለገዢው ሳንባ ይጠቅማል። ይህ እስኪሆን ድረስ የክበቡ አባላት የራሳቸውን ዝርዝር ቢያዘጋጁ መልካም ነው። የተፈተኑት ቁራጮች አይጣሉ፤ የቀለሙ ስም፣ የሚቀጥንበት ነገር፣ የተፈተነበት ቀንና የጨመረው ክብደት ተጽፎባቸው በክበቡ ግድግዳ ላይ ይደርደሩ። የተበሉት ካልተበሉት ጎን ይሰቀሉ። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የአንዳንዱ ማርከር ቀለም ራሱ ዛይሊን ስለሚይዝ ፎሙን ይበላዋል።